ኮምፒውተራችን የሚኖረው ናይሮቢ ነው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቱ ጓደኛዬ ነው። ባለፈው ሰሞን ኢንተርኔቱ ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ አለው። መጀመሪያ ኔትወርኩን ረገመ። ቀጥሎ ፓኬጅ ገዛ። ከዚያ ሌላ ሲም አስገብቶ ከስልኩ ሆትስፖት ከፈተ። ያው ነው። ስልኩ ላይ ቴሌግራም ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። በመጨረሻ «ቫይረስ ሳይገባበት አልቀረም፤ ናና ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ደወለልኝ።

ሄጄ አየሁት። ማሽኑ በእንግሊዝኛ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ጓደኛዬም አንብቦታል። ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያሳየ ተከራከረኝ። «ይኸው አራት ከሩብ። ኮምፒውተሩም አራት ከሩብ ነው የሚለው። ምኑ ነው ወደ ኋላ የቀረው?»

ጥግ ላይ ያለውን ቀን ተጫንኩት። ዓመቱ 2018 ይላል።

ለካ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ናት። ደንበኛ ሁሉ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እያለ ሲያስቸግራት ኮምፒውተሩን በሐበሻ አቆጣጠር «አስተካከለችው»። ሰዓቱንም 6 ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። ማሽኑ በራሱ እያረመ ሲያስቸግራት ደግሞ ራሱን እንዳያርም አጠፋችበት። ብልህ ልጅ ናት። ለእሷ ዘንድሮ 2018 ነው። ለማሽኑ ግን 2018 ድሮ ያለፈ ዓመት ነው።

ነገሩ ኢንተርኔቱን ለምን እንደዘጋው ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፍኬት ይይዛል። መታወቂያው የተሰጠበትም የሚያበቃበትም ቀን አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአንዱ ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደርጓል። ራሱን በፈረንጆቹ 2018 ላይ ያስቀመጠ ኮምፒውተር ታዲያ የሁሉም ገጽ መታወቂያ ገና ወደፊት የሚሰጥ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ አንዱንም አላስገባም አለ። ዘበኛ ሥራውን ነው የሠራው።

ማስተካከሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሂሳብ አልተቀበልኩም፤ ቡና ግን ጠጥቻለሁ። ስመልሰው የሰዓት ክልል ምረጥ አለኝ። ዝርዝሩን ወደ ታች ብወርድ አዲስ አበባ የለችም። ለእኛ የሚሆነው መስመር «ናይሮቢ» የሚል ነው። የደሴ ኮምፒውተር ሁሉ በወረቀት ናይሮቢ ነዋሪ ነው ማለት ነው። ሰዓቱ አንድ ስለሆነ ማንም አይጎዳም። ግን ማን ታስቦ እንደተሠራ ይነግራል።

ይህን ያነሳሁት ወቅቱ ስለሆነ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ድጋፉ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አሥር ዓመት የሠራ ሲስተም ነው። የሚቀጥለው ምን ይምሰል፣ ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ የሚለው ክርክር በየቦታው ጦፏል። ተጠቃሚ ሐሳብ የሚያቀርብበት መንገድም አለ። ዊንዶውስ ውስጥ «ፊድባክ ሃብ» የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ቅሬታህን ትጽፋለህ፣ ሌላው ሰው በቅሬታህ ላይ ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ መንገድ ዝም ብሎ ለይምሰል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 የስታርት ቁልፍን አጥፍቶ ሲመጣ ዓለም ጮኸ። በዓመቱ ቁልፉ ተመለሰ፤ ሙሉ ሜኑው ደግሞ በ2015። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ከታች ባለው አሞሌ ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች በአንድ ምልክት ሥር ጠቀጠቃቸው። ለየብቻ ይታዩን የሚሉ ሰዎች ሁለት ዓመት ነዘነዙ። በ2023 ተመለሰላቸው።

እንግዲህ የጮኸ ይሰማል። ጥያቄው የሚጮኸው ማን ነው የሚለው ነው። የምልክቱ ቦታ ይቀየርልን የሚለው ብዙ ነው። ጳጉሜን አታጥፉብን የሚል ግን ማን አለ? ቅሬታው በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይሻላል፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አካውንት ይፈልጋል። ማሽኑ ላይ ያለው ዊንዶውስ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የተጫነ፣ ከሆነ ደግሞ ሰውየው የዊንዶውስን ኩባንያ ማይክሮሶፍትን ማናገሩንም ይፈራዋል። ከሁሉም በላይ ግን የእኛ አመል ነው። ኮምፒውተር ሲያስቸግረን አቤት አንልም፤ መላ እንፈልጋለን። ያቺ ልጅ ያደረገችው ይኸው ነው። በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየጠጋኙ ሱቅ የተከማቸው መላ ሁሉ ያልተላከ የማሻሻያ ሐሳብ ነው። እስቲ ጥቂቱን ገልጠን እንየው።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እንግባ። አንዲት የማውቃት የሂሳብ ሠራተኛ የጥቅምትን ደረሰኞች ኤክሴል ላይ ስትመዘግብ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቀን፣ ወር፣ ዓመት አድርጋ ነው የምትጽፈው። 5/2/2018 ብላ ጻፈች፤ ጥቅምት 5 ማለቷ ነው። ቁጥሩ ዘሎ ወደ ሳጥኑ ቀኝ ጥግ ተጠጋ። 12/2/2018 አለች፤ እሱም ወደ ቀኝ። 13/2/2018 ስትል ግን ወደ ግራ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ወደ ግራ። ዓምዱ መሐሉ ላይ የተሰበረ አጥር መሰለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእኛ ሀገር ኮምፒውተር በአብዛኛው በአሜሪካ አጻጻፍ እንደተሞላ ነው የሚቀመጠው። አሜሪካ ወርን ያስቀድማል። ስለዚህ ኤክሴል 5/2ን «ሜይ 2» ብሎ ተቀበለው። 12/2ን «ዲሴምበር 2» አለው። 13 ሲመጣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ «ይሄ ቀን ሳይሆን ጽሑፍ ነው» ብሎ ግራ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ሴትየዋ በቀን ቅደም ተከተል ልደርድር ስትል ግማሹ እንደ ቁጥር፣ ግማሹ እንደ ፊደል ይደረደራል። ደረሰኙ ሁሉ ቅይጥ ይሆናል።

ጳጉሜ ደግሞ የባሰች ናት። ጳጉሜ 3ን 3/13/2017 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል ደስ ብሎት ይቀበላል። «ማርች 13» ነዋ! ስህተት የሚል ነገር የለም፤ ቀይ ምልክት የለም። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን የቀረው ደረሰኝ መጋቢት አካባቢ ሄዶ ቁጭ ይላል። ከስህተት ሁሉ የሚከፋው ደግሞ እንዲህ ዝም የሚለው ነው።

ሴትየዋ መላ አላት። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለየብቻ ትጽፋለች። ይሠራል። ግን በዚህ ቀንና በዚያ ቀን መካከል ስንት ቀን አለ ብትለው ኤክሴሉ አያውቅም። የሠራተኛ ፈቃድ፣ የዘገየ ክፍያ ወለድ፣ የኮንትራት ማብቂያ፣ ሁሉንም ጣቷን አጥፋ ትቆጥራለች። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ 1 በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ስለዚህ የወር መዝጊያችን ከማሽኑ የወር መዝጊያ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

አይቻልም የሚል ካለ ይቻላል። የአፕል ማክ ኮምፒውተሮች የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር በምርጫ ውስጥ አስገብተዋል። ዊንዶውስም ቢሆን የራሱ ቀን ላላቸው ሕዝቦች እንግዳ አይደለም። የቻይናን የጨረቃ አቆጣጠር ጥግ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አጣምሮ ያሳያል። የሒጅራን፣ የፋርስን፣ የታይላንድን አቆጣጠር ያውቃል። ለእኛ ግን ቋንቋውን አማርኛ፣ ሀገሩን ኢትዮጵያ ብታደርገው እንኳ «ጁላይ»፣ «ኦገስት» የሚለውን በፊደል ጽፎ ያቀርብልሃል። ሐምሌና ነሐሴ የት ሄዱ?

ደግሞ እኮ የእኛ አቆጣጠር ለማሽን የሚቀል ነው። 12 እኩል ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ ከዚያ ጳጉሜ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። አለቀ። «የትኛው ወር ነው 31፣ የትኛው 28» እያሉ የጣት አንጓ መቁጠር የፈረንጆቹ ጣጣ ነው። በዚህ ላይ አይሲዩ የሚባል የቋንቋና የቀን ስሌት ስብስብ አለ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በውስጡ አለ። ይህ ስብስብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል። ሒሳቡ ማሽናችን ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ወደ ጥግ ያወጣው ሰው ነው የጠፋው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሚጠየቀው የማሽኑ የውስጥ ሰዓት ይቀየር ተብሎ መሆን የለበትም። የውስጡ ሲነካ ምን እንደሚሆን ፒያሳ ላይ አይተናል። የውስጡ ባለበት ይቁም፤ ለዓይን የሚታየው ብቻ ይተርጎም። ሰዓቱም እንዲሁ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ 12 የሚል ሰዓት ጥግ ላይ ማሳየት 6 መቀነስ ብቻ ነው።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። እዚያ የደንበኞች ፋይል በዓመት በዓመት ተከማችቷል። አንድ ወጣት መጥቶ «ባለፈው የሠራችሁልን የሠርግ ጥሪ ጽሑፍ ይፈለግልኝ፤ ለእህቴ በዚያው ላይ አስተካክላችሁ ትሠሩልኛላችሁ» አለ። ልጅቷ «ሰርግ» ብላ ፈለገች። የለም። ጓደኛዬ ሌላ ፎልደር ከፈተ። የለም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተገኘ፤ የፋይሉ ስም «ሠርግ» ነበር። በንጉሡ ሠ የተጻፈ።

ለማሽኑ ሠ እና ሰ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ ገባ። ያ ትክክል ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ ላይ ትልቁን ኤ ጽፈህ ብትፈልግ ትንሿን ኤ ጭምር ያመጣልሃል፤ ማሽኑ «አንድ ናቸው» ብሎ ተምሯል። እኛ የምንጠይቀው ያንኑ ውለታ ነው። ኃይሉ የሚባል ሰው ስሙ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል። ስድስት ኃይሉ። መዝገብ ቤት ውስጥ ይህ ሰው ፋይሉ «የለም» ይባላል፤ አለ ግን።

የግዕዝ መምህራን እንዳይቆጡኝ። ሠረቀ ሲሆን ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሲሆን ደግሞ ሌብነት ነው፤ አውቃለሁ። አጻጻፉ አንድ ይሁን አላልኩም። ጸሐፊው እንደ ጻፈው ይቀመጥ፤ ፈላጊው ግን በየትኛውም ቢፈልግ ያግኘው። በጸ እና በፀ፣ በአ እና በዐም እንዲሁ። ለእኔ ከቀን አቆጣጠሩ ቀጥሎ ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን ሲያነሳው አልሰማሁም። ፋይል ሲጠፋ «ልጅቷ የት እንዳደረገችው እንጃ» ተብሎ ይታለፋላ።

አሁን ወደ መብራት። ስለ መብራት መጥፋት ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ አባት ከወረኢሉ መጥተው አቤቱታ እያስጻፉ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። ቀጭ አለ፤ ጠፋ። ዎርድ ጽሑፉን በራሱ የሚያስቀምጠው፣ ካልነካኸው በቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው። 10 ደቂቃ በእኛ መብራት ረጅም ዕድሜ ነው። እኒያ አባት የምትጽፍላቸውን ልጅ «አብሽሪ ልጄ፣ እንደገና እነግርሻለሁ» አሏት። የተናገሩትን ግን ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ለዛ አልተናገሩትም።

የዚህ መፍትሔ ከባድ አይደለም። ማክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ፕሮግራሞች ጽሑፍን በራሳቸው እንዲያስቀምጡና ሲዘጉ ከነበሩበት እንዲነሱ አድርጓል። የዊንዶውስ 11 ኖትፓድም ከ2023 ወዲህ ያላስቀመጥከውን ጽሑፍ ይዞ ይጠብቅሃል። ትንሿ ኖትፓድ ከቻለች ሌላው ለምን አይችልም? ይህን እያንዳንዱ ፕሮግራም እንደፈቀደ ማድረጉ ቀርቶ ሲስተሙ ራሱ ግዴታ ቢያደርገው ነው የሚሻለው።

አፕዴቱም እንዲሁ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ዴስክቶፕ ግን ያለ ዩፒኤስ ከሶኬቱ ጋር ነው ሕይወቱ። አፕዴት መሐል መብራት ሲሄድ፣ ሲመለስ ማሽኑ ያንን ሁሉ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል። ዕድለኛ ከሆንክ አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል። ካልሆንክ ጠጋኝ ዘንድ ነህ። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? አፕዴትን ጭራሽ ያጠፋል። የደኅንነት ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ያየውን አይቶ ነው።

ዳታውም አለ። አንድ ቢሮ አሥር ኮምፒውተር ቢኖረው አሥሩም ያንኑ አፕዴት ለየብቻ ሊያወርዱት ይችላሉ። የሚገርመው መላው ማሽኑ ውስጥ አለ። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባል ቦታ ገብተህ ብታስተካክለው አንዱ ያወረደውን ለሌሎቹ በውስጥ መስመር ያካፍላል። ዋይፋዩንም «ሜተርድ» ብለህ ብታስቀምጠው አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቅህ አያወርድም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ግን ስንት አለ? ከአምስት ሜኑ በታች የተቀበረ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲከፈት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ኢንተርኔትህ በጊጋ የሚከፈልበት ነው?»። በቃ።

የዊንዶውስ 11 አጀማመር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ስትከፍት መጀመሪያ ኢንተርኔት አገናኝ ይልሃል፤ ከዚያ የኩባንያውን አካውንት። ካላገናኘህ አያሳልፍም። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ እንደነበር ይታወሳል። በዚያ ወቅት ላፕቶፕ የገዛ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም ነበር ማለት ነው። ጠጋኞቹ በቃላቸው የያዙት የማለፊያ ትእዛዝ አለ። ኩባንያው ደግሞ ያንን ቀዳዳ መድፈን ይዟል። ኢንተርኔት የሌለው ሰውም የገዛውን ዕቃ የመክፈት መብት ሊኖረው ይገባል፤ ይህን እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ አቤቱታ ነው የምጽፈው።

ከፍላሽ ጋር የተያያዘው ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ያናድደኛል። ጠጋኝ ሁሉ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለውን ያውቀዋል። ተማሪው ፍላሹን ይሰካል። ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ነገር የሚመራ ምልክት፣ ተለውጠዋል፤ እውነተኞቹ ተደብቀዋል። ወይም ደግሞ «ደብዳቤ» የሚል የፎልደር ምስል ያለው ነገር ያያል። ሁለቴ ይጫነዋል። ፎልደር አልነበረም፤ ፕሮግራም ነበር። አለቀ፣ ገባ።

ይህ የሚሠራው በአንድ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የፋይሉን ዓይነት የሚነግረውን የስም መጨረሻ፣ ማለትም ከነጥቡ በኋላ ያለውን፣ ደብቆ ነው የሚመጣው። ለዓይን ያምራል ብለው ነው። ስለዚህ «ደብዳቤ.ኢኤክስኢ» የሚባለው ፕሮግራም «ደብዳቤ» ብቻ ሆኖ ይታይሃል። ምስሉን የፎልደር ማስመሰል ደግሞ ለሌባው ቀላል ነው። ሌባ ስሙን ቀይሮ ሲመጣ በር ላይ ያለው ሰው የአባቱን ስም አይጠይቅም እንደ ማለት ነው።

አንዲት ቅንብር ስትቀየር ምን ያህል ለውጥ እንደሚመጣ ደግሞ ታይቷል። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ ውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ይነሳ ነበር። ዊንዶውስ 7 ይህን ለፍላሽ ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታም በአፕዴት ተዘጋ። ያ በር ሲዘጋ ነው ቫይረሶቹ ሾርትከቱን የለመዱት። አሁን የቀረው ሁለተኛው በር ነው። የስም መጨረሻው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታይ፤ ከፍላሽ ላይ የተጫነ ፕሮግራም «ይህ ፎልደር አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ ይነሳ?» ይበል። ወሎም ሆነ ሌላ ቦታ ጽሑፍ ከቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ደመና ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ፣ አስቀምጥ ማለት ቀላል ነው፤ ደመናው ላይ ለመድረስ መጀመሪያ ዳታ ያስፈልጋል።

የደመናውን ነገር ግን ጭራሽ አልንቀውም። በ2014 ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ ኮምፒውተር ከነፋይሉ የጠፋበት ቢሮ ብዙ ነው። ማሽኑ ተተክቷል። ፋይሉ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ላልነበረው ሰው አልተመለሰም። ስለዚህ ሲስተሙ «ከቀዳህ አንድ ወር ሆነህ፤ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሰካና ልቅዳልህ» ብሎ ቢያስታውስ፣ የተቀዳውንም በይለፍ ቃል ቢቆልፍ፣ ጥሩ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ሐሳብ አምጡ ሲባል መጀመሪያ የሚለውን ደግሞ ላንሳ። «ዊንዶውስ አማርኛ ይሁን» ይላል። አማርኛው አለ። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አውርደህ መጫን ትችላለህ። ግን የሚጠቀምበት ሰው በዓይኔ አላየሁም። ለምን ቢሉ፣ እኛ ኮምፒውተር የተማርነው በእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ጠጋኙን በስልክ ስትደውልለት «ኮንትሮል ፓነል ግባ» ይልሃል። አንተ ጋ ግን ሌላ ስም ነው የተጻፈው። ትርጉሙ ቢያምርም ከመንገዱ ቋንቋ ጋር አይገናኝም። ሰው «ሴቭ አድርጊው» ነው የሚለው፤ «አስቀምጪው» ሲል የሚሰማው ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ሜኑውን በሙሉ ከመተርጎም ይልቅ ማስጠንቀቂያዎቹ ብቻ አማርኛ ቢሆኑ እመርጣለሁ። «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚለው «የኮምፒውተሩ ዓመት የተሳሳተ ነው፤ በፈረንጆቹ አስተካክል» ቢል ኖሮ ጓደኛዬ ፓኬጅ አይገዛም ነበር።

የማሽኑ ዕድሜ ነገርም አለ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። 8ኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ሰኞ ገበያ ዙሪያ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ያሉትን ዴስክቶፖች ብትቆጥሩ ስንቱ ያልፋል? ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚያራዝም የደኅንነት አፕዴት አለ። 30 ዶላር ይላል፤ ካልሆነም ቅንብሮችህን ከአካውንትህ ጋር ካገናኘህ በነፃ። ክራክ ላይ ላለ ሰው ግን ይህ ሁሉ የሌላ ሰፈር ወሬ ነው።

በዊንዶውስ ፋንታ «ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫኑ» የሚሉ አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሮጣል፤ ነፃ ነው፤ አማርኛ መጻፊያም አለው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ አንዱ ማሽን ላይ ጭኜዋለሁ፤ ከፍላሽ ቫይረስ ተገላግሏል። ኮምቦልቻዋ የሂሳብ ሠራተኛ ጋ ግን አፌን ያዝኩ። ምክንያቱ አንድ ቃል ነው፤ ፒችትሪ። የሀገሪቱ ግማሽ ሂሳብ በእሱ የሚሠራ ነው የሚመስለኝ። ኩባንያው ስሙን ከቀየረው ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን አሮጌውን እትም ይዘን ቀጥለናል። የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ነው። እሱ እስካለ ድረስ ሊኑክስ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተቀምጬ ፊድባክ ሃብን ከፈትኩ። የቀን አቆጣጠሩን አንድ፣ የፊደሉን ፍለጋ አንድ፣ የፋይል ስም መጨረሻውን አንድ አድርጌ ለየብቻ ጻፍኩ። ሁሉን ቀላቅሎ የጻፈ ሰው ድምፅ አያገኝም። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሆነ፣ ምን መሆን እንደነበረበት፣ ማሽኑ ላይ እንዴት እንደሚታይ ጻፍኩ። የኤክሴሉን የተሰበረ ዓምድ ፎቶ አንስቼ አያያዝኩ። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። ኮምፒውተሩ ላይ አሁን ወረቀት ለጥፋለች፤ «ቀኑን ማንም እንዳይነካ» ይላል። ከሥሩ የዕለቱን የሐበሻ ቀን በእርሳስ ትጽፋለች፤ ጠዋት ጠዋት ትቀይረዋለች።

ጓደኛዬ የጻፍኩትን ተርጉሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ «የመብራቱንስ ጨምረህበታል?» አለኝ።

«እሱ እኮ የእነሱ ሥራ አይደለም» አልኩት።

«ቢሆንም ጻፈው» አለ።